በረክሻ ስለማይጫነው የቤዝ ስፒከር

ሐጅ ዩሱፍ፣ ካርቱም
የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ በየነ
የተስፋ ዓባይ መረዳጃ እድር ሊቀመንበር

ክቡር ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤና፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ ሱቅዎን በገበያ ላይ እንዲያገኝልኝ እመኛለሁ። ከጥቅምት ጀምሮ ያስቸግርዎ የነበረው ወገብዎም፣ እድራችን ከገዛው አዲስ ስፒከር ሥር አንድም ቀን ሳያጎነብስ በመክረሙ፣ በእጅጉ እንደተሻለው ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ወገብ ለማኅበራችን ያስፈልጋልና ፈጣሪ ይጠብቅልን።

እኔ ገብረየስ ነኝ። ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ዳር ድሮ ራዲዮና ቴፕ፣ ዛሬ ደግሞ ሞባይል እየጠገንኩ ሃያ ስምንት ዓመት የኖርኩ፣ ሱዳኖቹ ጎረቤቶቼ ግማሹን ለአክብሮት ግማሹን ለጨዋታ «ሙሐንዲስ» የሚሉኝ፣ ኮሚቴዎ ባለፈው ታኅሣሥ የቤዝ ጊታር ስፒከር ሲገዛ የቴክኒክ አማካሪ አድርጎ ይዞኝ የሄደ ሰው ነኝ። ሹመቴ የቆየው ከጠዋት እስከ ቀትር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ የሠራሁት ጥፋት ግን ብዙ ዘመን በሥልጣን የቆየ ሰው ከሚሠራው አያንስም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

እንዲህ ያለውን ነገር በታሸገ ፖስታ ማድረስ ወግ እንደሆነ አላጣሁትም። በእድሩ ቤት በር ላይ የምለጥፈው፣ የሆነው ሁሉ የሆነው በሰው ፊት ስለሆነ ነው። በሰው ፊት ያጠፋ ሰው በጓዳ ይቅርታ ሲጠይቅ አያምርም።

ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ላስረዳ። እድራችን እንደማንኛውም እድር ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር አለው፤ ከሌሎቹ የሚለየው ከአራት ዓመት ወዲህ የሠርግ ባንድም ስላለው ነው። የባንዱ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ሜሮን ናት። ሐጅ ዩሱፍ ተወልዳ እዚሁ ያደገች የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ስትሆን፣ አማርኛዋ ሲያጥራት በዐረብኛ ትሞላዋለች፣ ከእሑድ እስከ ዓርብ ሰው ቤት ትሠራለች፣ ቅዳሜ ቤዟን በጀርባዋ አንግታ በረክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ በሚሏት፣ ሠርግ ቤት ትደርሳለች። ቤዝ የሚባለውን ነገር ብዙ ሰው ልብ የሚለው ድምፁ ሲቆም እንጂ ሲጫወት አይደለም። ሜሮን ስትጫወት እስክስታ የማያውቅ ሙሽራ እንኳ ትከሻው ራሱን ሳያማክር ይነሳ እንደነበር እርስዎ ራስዎ በልጅዎ ሠርግ ላይ መስክረዋል። ጥቅምት ላይ አሮጌው ስፒከሯ ሆዱ ተቀደደ። ሦስት ጊዜ በሙጫ ጠገንኩት፤ በአራተኛው እኔም እሱም ደከመን። እድሩ አዲስ ይገዛ ተባለ፤ ተገዛም። ያ ግዢ ሜሮንን ከባንዱ አስወጣት።

ልመናዬ አጭር ነው፤ የረዘመው ደብዳቤው ነው። ስፒከሩን የሸጠልን ኦምዱርማን ያለው የወሎው ዳውድ ትልቁን መልሶ ትንሹን ሊሰጠን ተስማምቷል፤ ጾም እስኪገባ ድረስም ትንሹን ለማንም ሳይሸጥ ሊያቆይልኝ ቃል ገብቷል። የእድር ንብረት ያለ ሊቀመንበር ፊርማ ከበር ስለማይወጣ የጎደለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ቢፈርሙ ሜሮን ለዳግማይ ትንሣኤ ሠርጎች ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ባይፈርሙ ቤዟን ትሸጣለች። ጊታሯ አሁን ከሥራ ጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ «ጋሽ፣ ሽጥልኝ» ብላ የሰጠችኝ በጥር መጨረሻ ነው። እስካሁን ሁለት ገዢዎች መጥተዋል። ለመጀመሪያው አንገቱ ተጣሟል አልኩት፤ ለሁለተኛው የጊታሩ ባለቤት ሐሳቧን ለውጣለች አልኩት። ሁለቱም ውሸት ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ለጊታር ብዬ መዋሸቴን ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኩም።

አሁን ቅሬታዎቼን በትሕትና በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ መምረጫው መስፈርት።

ዳውድ ሱቅ ውስጥ ሁለት የቤዝ ስፒከሮች ነበሩ። ትንሹ ሁለት ባለ አሥር ኢንች ድምፅ ማጉያዎች የተገጠሙለት፣ ከሥሩ ጎማ ያለው፣ አንዲት ሴት በአንድ እጇ የምታነሳው ነው። ትልቁ ስምንት ባለ አሥር ኢንች የተደረደሩበት፣ ቁመቱ ደረት የሚደርስ፣ ለማንሳት አራት ሰው የሚፈልግ ነው፤ የሰፈራችን ልጆች ኋላ «ተላጃ» ብለው ስም ያወጡለት እውነትም ፍሪጅ ስለሚመስል ነው። ኮሚቴዎ በሁለቱ መካከል ቆሞ የፈጸመውን ጥልቅ ምርመራ እስከ ዕለተ ሞቴ አልረሳውም። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ወይዘሮ ማዘንጊያ ትልቁን በጣቷ መገጣጠሚያ ቆርቆር አድርጋ ጆሮዋን ጣል አደረገችና «ይሄ ጭንቅ ይችላል» አለች። ሒሳብ ሹማችን ሁለት ሰው ቢቀመጥበት እንደማይሰበር በመቀመጥ አረጋገጡ። ለቅሶ ሲኖር ለመርዶ መንገሪያ ይሆን እንደሆነ ተጠየቀ። እርስዎ ደግሞ ወደ ኋላ ዘጠኝ እርምጃ ያህል ሄደው፣ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው፣ በሠርግ ቪዲዮ ላይ የትኛው ጎልቶ እንደሚታይ መረመሩ። ድምፁን እንስማው ያለ ሰው አልነበረም።

አልፈርድም። እድራችን ሠላሳ ዓመት ድስት ሲገዛ ኖሯልና ስፒከሩንም እንደ ድስት ገዛው። ሦስት መቶ ለቅሶተኛ መጥቶ ድስት ሲያንስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ሁልጊዜ ትንሹን ይረታል። ይሁንና ስፒከር ወጥ አይሠራበትም። የሚያወጣው ከአምፕሊፋየሩ የተቀበለውን ነው፤ ሠርጎቻችን ደግሞ በሰው ሆሽ፣ በቆርቆሮ አጥር መካከል፣ ቢበዛ ለመቶ ሃያ ሰው የሚደረጉ ናቸው። ለእንዲህ ያለው ግቢ ትንሹ ይበቃል፤ ይተርፋልም። ይህን በዚያን ቀን በዚያ ሱቅ ውስጥ የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ዳውድ፣ ሜሮንና እኔ።

ሁለተኛ፤ ስለ ነጋዴው።

ዳውድ የነጋዴን ወግ አፍርሷልና ተግሣጽ ይገባዋል። ትልቁን ለመሸጥ መማል ሲገባው፣ መሐላችን ገብቶ «ያ ጀማዓ፣ ለጥቅሜ ብል ትልቁን ውሰዱ እላችሁ ነበር፤ ልጅቷ በረክሻ ነው የምትሄደው፣ ትንሹን ውሰዱላት፣ ወላሂ ይበቃታል» አለን። ሜሮንም ከኪሷ ሁለት ቋጠሮ ያለው ሲባጎ አወጣች። በዋዜማው የረክሻ የኋላ ወንበር ለክታበት የመጣች ሲባጎ ናት። ትንሹ ላይ ዘርግታ አሳየችን፤ «ሹፉ፣ ይሄ ተማም ነው፣ ይገባል፤ ትልቁ፣ ከቢሩ ግን አይገባም» አለች። ኮሚቴውም ፈቀቅ ብሎ መከረና ነጋዴ እንዲህ አጥብቆ ትንሹን የሚያወድሰው ሊያራግፍብን ቢፈልግ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። እውነት ተናግሮ መጠርጠር ሰውን እንዴት እንደሚያደርግ በዳውድ ፊት ላይ አየሁ። ሲባጎዋን ግን ከእኔ በቀር ያየ ሰው ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም።

ሦስተኛ፤ ስለ መተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ።

የእድር ንብረት የሚያወጣ ሰው ፈርሞ፣ በራሱ መጓጓዣ ወስዶ፣ በራሱ መጓጓዣ ይመልሳል። አንቀጹ የተጻፈው ለድንኳንና ለድስት ሲሆን፣ ድንኳን የሚወስድ ሰው ልጁን የሚድር ወይም አባቱን የሚቀብር ስለሆነ መኪና የሚያመጣለት ዘመድ አያጣም። ሜሮን ግን የምትድረውም የምትቀብረውም አልነበራትም። ጥር 7 ቀን እዚሁ ሐጅ ዩሱፍ ሠርግ ስለነበር በጠዋት መጣች። ወይዘሮ ማዘንጊያ ደንቡን አነበበችላት። እሷም ፈርማ ወጣችና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካሮ ይዛ ተመለሰች፤ በአህያ የሚጎተተውን፣ ውኃና ጡብ የሚጫንበትን ካሮ ማለቴ ነው።

ያን ጉዞ ያላየ ሰው ካለ በስልኩ ይፈልገው፤ የቀረጹት ብዙዎች ናቸው። ተላጃው ካሮው ላይ ቆሟል፤ ሜሮን ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቤዟን አንግታ፣ እንዳይወድቅ በአንድ እጇ ደግፋው ከአህያዋ ጎን ትሄዳለች፤ ልጆች ከኋላዋ እያጨበጨቡ ይከተላሉ። ሠርጉ ግቢ ስትደርስ እርስዎ ከድንኳኑ በር ቆመው ስቀዋል። እኔም ከጎንዎ ቆሜ ስቄያለሁ። እሷም ስቃለች፤ ነገር ግን መጀመሪያ የኛን ፊት አየት አድርጋ፣ ለጥቂት ቆይታ፣ ከዚያ ነው የሳቀችው። ያቺን ጥቂት ቆይታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በዚያን ቀን እንደወትሮዋ ጥሩ ተጫወተች፤ የጎረቤቱ ሱዳናዊ ብቻ የሻይ ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ በራሱ መሄድ እንደጀመረ በታላቅ ጨዋነት መጥቶ አሳወቀን።

የሚቀጥለው ሠርግ ካላክላ ነበር። ካላክላ ወንዝ ማዶ ነው፤ ካሮ ደግሞ ኩብሪውን፣ ድልድዩን ማለቴ ነው፣ አይሻገርም።

አራተኛ፤ ስለ ደግነትዎ።

ከቅሬታዎቼ ሁሉ ለመጻፍ የከበደኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በክፋት የተደረገ ነገር የለበትም። በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ «ልጅቷ ለምን ትንገላታለች? ነገ አህያው ቢደነብር ማን ይጠየቃል? ቢኒያም የአጎቱ ዳፋር አለው፣ ቤዙን እሱ ይያዝላት፣ እሷ ትረፍ» አሉ። ሁላችንም አንገታችንን ነቀነቅን። እንደዚያ በለሰለሰ ቃል ከቦታው የተባረረ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ሜሮን ራሷ «ሹክረን» ብላ አመስግናዎት ተቀመጠች።

ቢኒያም ጥሩ የሰፈራችን ልጅ ነው። ዳፋሩ፣ ያ የጭነት መኪና፣ ከእሱም ይበልጥ ጥሩ ነው። በውሰት ጊታር መጫወት ከጀመረ ይኸው ሦስት ሠርግ ሆነው፤ ከአራቱ ክሮች ሁለቱን እስካሁን አልነካቸውም፣ ለፋሲካ ይደርስባቸዋል ብለን ተስፋ እናደርጋለን። ተላጃው ግን በቪዲዮው ላይ በጣም ጎልቶ ይታያል። በዚህ ረገድ ኮሚቴው ዓላማውን ሙሉ በሙሉ እንዳሳካ መካድ ነውር ነው።

ሜሮን ቀድሞ አዳሪ ሆና ሰው ቤት መሥራትን እምቢ ትል ነበር፤ ቅዳሜ ሠርግ አለኝ ትል ነበርና። አሁን ቅዳሜዋ ባዶ ስለሆነ አዳሪ ሆናለች። የምትወጣው በወር አንድ ዓርብ ነው። ጊታሩን ይዛ ስትመጣ ፊቴ ምን መስሎ እንደነበር አላውቅም፤ እሷ ግን እኔን ማጽናናት ጀመረች። «ማሌሽ ጋሽ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ምንም አይደለም» አለችኝ። አጥፊው እኔ፣ አጽናኟ እሷ።

አምስተኛ፤ ስለ ቴክኒክ አማካሪዎ።

ይህ ቅሬታ በቁጥር አንድ መጻፍ ነበረበት። አራት ቅሬታ ወደ ታች የገፋሁት አልደፍር ብዬ ነው፤ ዳር ዳር ማለት ልማዴ እንደሆነ እስካሁን የተረዱት ይመስለኛል።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ኮሚቴዎ ስለ ስፒከር ምንም ስለማያውቅ አይወቀስም። ሳያውቅ የሚያውቅ ሰው ይዞ ሄዷል፤ ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ጥፋቱ የያዘው ሰው እኔ መሆኔ ነው። በዋዜማው ማታ ሜሮን ሱቄ መጥታ ነበር። «ትንሹ እንዲገዛ የምፈልገው ሰነፍ ሆኜ አይደለም፣ ብቻዬን አንስቼ ብቻዬን ካልሄድኩ ዛሬ በዚህ ነገ በዚያ ብለው ይተዉኛል፣ አንተን ይሰሙሃል፣ ንገርልኝ» አለችኝ። እኔም ጢሜን እየዳበስኩ «በእኔ ጣይው» አልኳት። ቃሉ ይኸው ነው፤ አልጨመርኩም አልቀነስኩም። ቃሌን አምና ሄዳ ተኛች።

በማግሥቱ ኮሚቴው መክሮ ሲመለስ እርስዎ ወደ እኔ ዞረው «እስቲ ሙሐንዲስ፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት፣ የቱ ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። እጅዎ ትልቁ ላይ ነበር። መዳፍዎን ጣል ያደረጉበት በልጅ ራስ ላይ እንደሚያደርጉት ነበር፤ እንደወደዱት ታየኝ። ሜሮን ከበስተኋላዎ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታያለች። ዳውድም ያየኛል። እኔም ጉሮሮዬን ጠራርጌ «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» አልኩ።

ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ይህን ለማለት ሙሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ የሰፈሩ ፍየል ቢጠየቅ ከዚህ የተሻለ መልስ በሰጠ። እርስዎም «እንግዲህ ሁለቱም ጥሩ ከሆኑ ትልቁን እንውሰዳ» አሉ፤ ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ሎጂክ የለም። ሜሮን ሲባጎዋን በጣቷ ላይ ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። አልገላመጠችኝም፤ ብትገላምጠኝ ይሻለኝ ነበር።

ለምን እንዲያ አልኩ? ሰበብ ሳይሆን ምክንያቱን ልንገርዎ፤ ሰዉም ይስማ። ግንቦት 2012፣ በዚያ በበሽታው ምክንያት ከተማው በተዘጋበት ወር፣ ባለቤቴ በቀለች ሶባ ሐኪም ቤት ተኝታ አረፈች። ኩብሪው ተዘግቷል፣ ሰው ከሰው አይቀርብም፣ የገዛ ዘመዶቼ ስልክ ማንሳት ትተዋል። ያኔ እርስዎ መኪናዎን አስነስተው መጡ፤ የኩብሪውን ወታደሮች አንድ ሰዓት ተኩል ለመኑልኝ፤ ሬሳዋን ከእኔ ጋር ተሸክመው አወጡልኝ፤ ለቅሶ መቀመጥ በተከለከለበት ቀን በራፌ ላይ ብቻዎን ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። ለዚህ የማቀርበው ምስጋና ስላቅ የለበትም፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እሾህ የሌለው ምስጋና ይህ አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ በቀለችን የቀበረልኝን ሰው፣ በሰው ፊት፣ ስለ አንድ ሣጥን ትልቅነትና ትንሽነት እንዴት «ተሳስተዋል» ልበለው? ይሉኝታ ያዘኝ።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ለእርስዎ የነበረብኝን ውለታ የከፈልኩት በራሴ ነገር አልነበረም፤ በሜሮን ቅዳሜ ነው። እርስዎ ይህን አልጠየቁኝም። ቢጠየቁም አይቀበሉም ነበር፤ ምናልባትም «ትንሹ ይሻላል» ብል ኖሮ «ታዲያ ትንሹን ጫኑት» ብለው ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። እንዲህ እንዳላስብ ብዙ ሞክሬያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው፤ የኔ ግን ነቅዟል፣ ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ ይሸተኛል።

ስለዚህ እንደ ቴክኒክ አማካሪነቴ፣ በሁለት ወር መዘግየት፣ አስተያየቴን እንደሚከተለው አርሜ አቀርባለሁ። የሚሻለው ትንሹ ነው። ያኔም የሚሻለው ትንሹ ነበር። አውቅ ነበር።

ከማጠቃለሌ በፊት ለኮሚቴው የሚገባውን ምስጋና ላድርስ። ሒሳብ ሹማችን በስፒከሩ ላይ በመቀመጥ ለሰጡት ሙያዊ ማረጋገጫ፤ ወይዘሮ ማዘንጊያ ደንቡን ከአንዲት ፊደል ሳታዛንፍ ለአህያ ጭምር በእኩልነት ስላስከበረች፤ በጠቅላላ ጉባኤው አንገታችንን ለነቀነቅን አርባ ሰባት አባላት በሙሉ፣ አንገታችን ምንም ሳይሆን በሰላም ወደየቤታችን ስለተመለሰ፤ ሁሉንም ከልብ አመሰግናለሁ።

ለእርስዎ ዕድሜና ጤና፣ ለፊርማዎ ፍጥነት፣ ለስፒከሩ የመልስ መንገድ እየተመኘሁ፣ ከአክብሮት ጋር ከወንበሬ ተነስቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ እጅ እነሳለሁ።

ገብረየስ
የቀድሞ የቴክኒክ አማካሪ (ከጠዋት እስከ ቀትር)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ማዘንጊያ፣ ንብረት ክፍል (ደብዳቤው ቀላል ስለሆነ መጓጓዣ ሳያስፈልግ ቢረከቡት)
ለዳውድ፣ ኦምዱርማን (እውነት ስለተናገረ ይቅርታ እንዲደረግለት)

ድኅረ ጽሑፍ፦

ክቡር ሊቀመንበር፣ ከላይ ያለውን ጽፌ ሳልለጥፈው ዓርብ መጣና ሜሮን የወር ዕረፍቷን አግኝታ ሱቄ ጎራ አለች። የአማርኛ ጽሕፈት ማንበብ ስለሚያደክማት እኔው አነበብኩላት። ዘጠኝ እርምጃዎ ላይ ሳቀች፤ ሲባጎዋ ላይ ቀና ብላ ጊታሩን አየች። ስጨርስ «ሐሉ ነው ጋሽ፣ በጣም ያምራል። አንተ ግን ይሄን የሚያህል አፍ ነበረህ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣችና ጊታሩን ከግድግዳው አወረደች። ገዢ በራሷ አግኝታ ኖሯል፤ ቢኒያም ነው፣ በውሰት መጫወት ሰልችቶት። ውጭ ዳፋሩን እንዳስነሳ ይጠብቃት ነበር። ስለዚህ የጠየቅሁዎትን ፊርማ እንዳይቸገሩበት፤ ለዳውድም ትንሹን ይሽጠው ብዬ ደውያለሁ። ደብዳቤውን ሳልቀደው የለጠፍኩት ይህን የሚያህል አፍ እንደነበረኝ እርስዎም እንዲያውቁልኝ ነው።